ልጄ 431 አምጥታለች፤ በዩኒቨርሲቲ ምርጫ ላይ ምከሩን

የመሐል ሜዳው አባት ፤ መስከረም 12፣ ማታ 2:10

ጤና ይስጥልኝ የሀገሬ ልጆች። ለእናንተ ቤት እንግዳ ነኝ። መግቢያውን የከፈተልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ የምጽፈው ግን ራሴ ነኝና ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ከ600 431 ሆኖ መጣላት። እልልታው ሦስት ቀን አልበረደም። ከዚያ በኋላ ግን ቤቴ ሸንጎ ሆነ። ወንድሜ «ደብረ ብርሃን ትግባ፤ ቅዳሜ ሄደህ አይተሃት እሑድ ትመለሳለህ» ይላል። ጎረቤታችን ያለው የጤና ባለሙያ «ሐኪም ማለት የጎንደር ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጪ ትምህርት ያለ አይመስለውም። የእኔ ፍላጎት አንድ ነው፤ ሐኪም ትሁንልኝ። እሷ ቡና እያቀረበች ሁላችንንም ታዳምጣለች፤ ስትጠየቅ «እናንተ እንዳላችሁ» ነው መልሷ።

እኔ በርኖስ ነጋዴ ነኝ፣ የተማርኩትም እስከ ስምንተኛ ነው። በርኖስ ሲሆን ጠጉሩን በእጄ ዳስሼ ጥሩውን ከመጥፎው እለያለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚዳሰሰው በምኑ ነው? እናንተ ስትገቡ ምን አይታችሁ መረጣችሁ?

ብርዱ ለመደኝ ፤ መስከረም 12፣ ማታ 3:02

እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! 431 በዚህ ዘመን ቀልድ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። የ2017ቱም ቢሆን 8.4 ነው። ልጅዎ ከእነዚያም መሐል ከፍ ካሉት ናት።

እኔ ከደብረ ብርሃን ነው የተመረቅኩት። ግቢው በ1999 የተከፈተ ነው፣ የጤናው ካምፓስ በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ ነው፣ ሕክምናም ይሰጣል። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የቆላ ልጆች ኅዳር ላይ ያለቅሳሉ፤ እንደ ልጅዎ ያለች የመንዝ ልጅ ግን ትስቅባቸዋለች።

ቅርብ መሆኑ ጥሩ ነው ሲባል ግን የራሴን ልንገርዎ። ቤተሰቦቼ ሰላ ድንጋይ ናቸው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በሙሉ ዓርብ ከሰዓት ክፍል እየዘለልኩ ቤት እሄድ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ መኪና እየጠበቅኩ ሌላ ክፍል ያመልጠኛል። እናቴ ደስ አላት፣ በሶውም አልጎደለብኝ፣ ውጤቴ ከ4 2.3 ሆኖ መጣ። ስለዚህ ወንድምዎ «ቅዳሜ ሄደህ» ያለው እርስዎ ከሆኑ የሚሄዱት ይሁን። እሷ ከሆነች የምትመላለሰው አይሆንም።

ኧረ ተው ፤ መስከረም 12፣ ማታ 3:15

የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል ጋሼ። ትራቅ!

ብርዱ ለመደኝ ፤ መስከረም 12፣ ማታ 3:21

ልጥ የነከርነው እኛ ነን እንጂ ጠበሉ ምን አደረገ?

መምህርት ዘጣርማ በር ፤ መስከረም 13፣ ጠዋት 1:40

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ደብረ ሲና አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው፤ በየዓመቱ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ወላጅ አላጣም። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጥራ። አሁን የሚሞላው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ሙያው ገና ነው። ልጅዎ ጎንደር ደረሳት ማለት ሕክምና ደረሳት ማለት አይደለም።

የመጀመሪያውን ዓመት ፍሬሽማን ይሉታል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ልጆች በሙሉ የጋራ ትምህርት ይማራሉ። ሒሳብ አለ፣ ፊዚክስ አለ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሚዛን ላይ የሚወጣው በግቢው ውስጥ ያመጣችው ውጤትና የመግቢያ ፈተናዋ ነው። የሕክምና ወንበር በየግቢው የተቆጠረ ነው፤ የምትሻማውም ከእሷ ጋር እዚያው ግቢ ከገቡት ልጆች ጋር ነው። ይህን ሰው አያስበውም። ስሙ የገነነ ግቢ ማለት 431ም 450ም 500ም ያመጡ ልጆች የተሰበሰቡበት ነው። እዚያ ልጅዎ መካከለኛ ልትሆን ትችላለች። ወጣ ባለ ግቢ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ናት።

ያስተማርኳቸውን ሁለት ልጆች ልንገርዎ። አንደኛዋ የትምህርት ቤታችን አንደኛ ነበረች፤ ትልቅ ግቢ ደረሳት። «ፍሬሽማን የ12ኛ ክፍል ድግግሞሽ ነው» የሚል ሲኒየር አሳሳታትና ሎጂክን ንቃ፣ ሳይኮሎጂን ንቃ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በእረፍት አሳለፈችው። ፋርማሲ ፈልጋ ሳይደርሳት ቀረ። የናቀቻቸው ኮርሶች እንደ ሒሳቡ ሁሉ ውጤት ይዘው እንደሚመጡ የገባት ግሬድ ሲለጠፍ ነው። ሁለተኛው ከእሷ 40 ነጥብ ያህል ያነሰ ልጅ ነው። አዲስ ከሚባሉት ግቢዎች አንዱ ገባ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ወንበር ያዘ፤ ዛሬ ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በተመለከተ፣ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው። ያንን ፈተና ለመውሰድ በጊዜው ካልተመዘገበች የእህትዎ ልጅ ጭቅጭቅ ይዝጋ።

267 ፤ መስከረም 13፣ ጠዋት 4:25

እናንተ ስለ 431 ታወራላችሁ፣ እኔ በስሜ እንደምታዩት ነኝ። ሸዋ ሮቢት። አጎቴ «ማንጎ ሽጥ» ይለኛል። ማለፊያ ላላመጣ የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያልን፣ ብገባ ዓመቴን አቃጠልኩ ማለት ነው ወይ?

ብርዱ ለመደኝ ፤ መስከረም 13፣ ጠዋት 4:50

ጥሪው ከደረሰህ ግባ ወንድሜ። የዶርም ጓደኛዬ ታናሽ በሬሜዲያል አልፎ አሁን ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። አወቃቀሩን ግን ቀድመህ ዕወቅ፤ ከመቶው 30ው ግቢው የሚሰጥህ ነው፣ 70ው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና ነው፣ ማለፊያው 50 ነው። የግቢው ፈተና ቀለለኝ ብሎ የተዘናጋ ሁሉ በ70ው ነው የወደቀው። ማንጎውም ክረምት ይጠብቅሃል።

ሒሳብ አያያዝ ፤ መስከረም 13፣ ቀን 7:30

የግል ኮሌጅ ላሰባችሁ ደግሞ ከኔ ተማሩ፤ ከፍዬ የተማርኩት ትምህርት ነውና በነፃ ውሰዱት።

ያስተማረኝን ኮሌጅ ስም አልጠራም። ወላጆቼ በግ ሸጠው፣ ጤፍ ሸጠው አካውንቲንግ አስተማሩኝ። ሕንፃው መስተዋት በመስተዋት ነበር። መምህሩ ግን በሳምንት አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው፤ ያልመጣ ዕለት ሃንድአውት ፎቶ ኮፒ አንሡ እንባላለን። ፈተናው ከሃንድአውቱ አይወጣም፤ ስለዚህ ሁላችንም 3.5 እና 3.7 ነበርን። ከዚያ ለመመረቅ ማለፍ የግድ የሆነው መውጫ ፈተና መጣ። በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከግሎቹ ያለፈው 17 በመቶ ገደማ ነው። እኔ ከቀሪዎቹ ነበርኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ለመፈተን ስምንት ወር የአንደኛ ዓመት አካውንቲንግ ከሀ ብዬ ከራሴ ጋር ተማርኩ።

ጥሩ የግል ኮሌጅ የለም አላልኩም፤ አለ። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ማለት ደብረ ብርሃን ያለው አለው ማለት አይደለም። የቀኑ አለው ማለት የርቀቱ አለው ማለት አይደለም። ደብዳቤውን አሳዩኝ በሉ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም አረጋግጡ። ደግሞ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎቻችሁ ስንቱ መውጫ ፈተና አለፈ በሏቸው። ምዝገባ ክፍል ያለችው ልጅ ወደ ኃላፊው ከመራቻችሁ፣ ኃላፊው ደግሞ ስለ ሕንፃው ማውራት ከጀመረ ቦርሳችሁን ያዙ።

ደረጃ አራት ፤ መስከረም 13፣ ማታ 1:05

ዲግሪ ዲግሪ አላችሁ እንጂ እኔ ከአረርቲ መጥቼ ፖሊ ቴክኒክ ነው የገባሁት፤ ኤሌክትሪክ። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አለፍኩ፤ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ የሞተር ጥገና ነኝ። አለቃዬ ኢንጂነር ነው፣ ሞተሩ ሲቆም ግን የሚጠራው እኔን ነው። ለጋሼ ልጅ አይደለም ይህ፤ እሷ ነጥቧን ይዛለች። 200 አምጥቶ ቤት ለተቀመጠው ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ኮሌጁ ውስጥ የሚሠራ ማሽን አለ ወይስ ሸራ የለበሰ? ገብታችሁ እዩ። እኛ ጋ ግማሹ ሸራ የለበሰ ነበር፤ እጄን የፈታሁት በትብብር ሥልጠና ፋብሪካ ስወጣ ነው።

አወያይ ፤ መስከረም 13፣ ማታ 1:40

ሁለት የፖለቲካ መልሶች አጥፍቻለሁ። ሰውየው የጠየቁት ስለ ልጃቸው ነው።

እናት ከእነዋሪ ፤ መስከረም 13፣ ማታ 3:30

ወንድሜ፣ እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ልጄ ግን ሦስተኛ ዓመት ነው። ሁሉም ስለ ትምህርቱ ነገረዎት፣ እኔ ስለ መንገዱ ልንገርዎ።

ልጄ የደረሰው ሩቅ ነው። ሲሄድ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ያድራል። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ለፋሲካ ሳይመጣ ቀረ፤ የስልክ መስመር በተቋረጠ ሰሞን ደግሞ ብር የምልክበት አጥቼ ለሁለት ሳምንት በጓደኞቹ ቸርነት በላ። እኔም ድምፁን ሳልሰማ ሁለት ሳምንት አደርኩ። ስለዚህ ግቢውን ስትመርጡ አውቶቡሱን አብራችሁ ምረጡ። ስንት ቦታ ትወርዳለች? የት ታድራለች? እዚያ ከተማ «ልጄ ታመመች» ብለው የሚደውሉለት ሰው አለ? ዘመድ ባይኖር የአገር ልጅ ይፈልጉ። ለልጄ የደረሱለት የግቢ ጉባኤ ልጆች ናቸው። ታይፎይድ ሲይዘው ሐኪም ቤት ወስደው ያስታመሙት እነሱ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው።

ለክፉ ቀን የሚሆን ብርም በጥሬው ይኑራት፤ ሁሉም በስልክ ላይ አይሁን። ከቀሚስ ጠርዝ ውስጥ ሰፍተው ይስጧት፤ እኔ ከኮቱ ገበር ውስጥ ነው የሰፋሁለት።

የመሐል ሜዳው አባት ፤ መስከረም 14፣ ማታ 2:45

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የእነዋሪዋ እመቤት የጻፉትን ለባለቤቴ ሳነብላት መርፌ ልታመጣ ተነሣች።

ትናንት ማታ ልጄን ብቻዋን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። መጀመሪያ «እናንተ እንዳላችሁ» አለች። «እኛማ አልን፤ አንቺስ?» ስላት ዝም ብላ ቆይታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? የከብት ሐኪም መሆን ነው የምፈልገው አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ተቆጣሁ። በግ ለማከም ነው 12 ዓመት ያስተማርኩሽ አልኳት። እሷ አልተቆጣችም። አምና በክረምት 11 በግ ሞቶብናል። እኛ ዓይን ነው ብለን ጠበል ረጭተናል። «አባባ፣ ያ የጉበት ትል ነው፤ ረግረጉ ላይ ካለችው ቀንድ አውጣ ነው የሚመጣው፤ በጎቹን እዚያ ባናሰማራቸው ግማሾቹ ይተርፉ ነበር» አለችኝ። ከየት አወቅሽ ስላት ከባዮሎጂ መጽሐፍ ጀምራ አንብባ አንብባ የደረሰችበት ነው። ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «አልጠየቃችሁኝም» አለች።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል?

በግ ቆጣሪ ፤ መስከረም 14፣ ማታ 4:20

ጋሼ፣ ስሜን አይተው አይሳቁ፤ ሥራዬ ነው። እንስሳት እርባታ ላይ ነኝ፣ መንዝም ደጋግሜ ወጥቻለሁ።

የመንዝን በግ ለማሻሻል ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ገበሬው ራሱ አውራ በግ እየመረጠ የሚያራባበት ሥራ እርስዎ አገር ውስጥ፣ መሐል ሜዳና ሞላሌ ላይ ዓመታት አስቆጥሯል። ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል በበግ ይታወቃል። ሰው መንዝን ለማጥናት ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ የእርስዎ ልጅ ደግሞ እዚያው ተወልዳ፣ በጉ ለምን እንደሞተ በ18 ዓመቷ ደርሳበታለች። እኔ አባቷ ብሆን በጠበሉ ምትክ እሷን ባስቀደምኩ እላለሁ።

እንጀራውስ? በመንግሥት ክሊኒክ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ አልዋሽዎትም፣ የሰው ሐኪሙም እያማረረ ነው። ግን የዶሮ እርባታው አለ፣ የወተት ላሙ አለ፣ የመድኃኒት ንግዱ አለ፣ ቄራው፣ ምርምሩ አለ። የትምህርቱ ዘመን እንደ ሕክምናው ረጅም ነው፣ ዶክተርም ትባላለች፤ ይህ ለእርስዎ ማጽናኛ ከሆነ።

አሁን ወደ ምርጫው ስንመጣ መምህርት ያሉት ትክክል ሆኖ አንድ ነገር ይጨመርበት። ሙያው በሁሉም ግቢ የሚገኝ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ብዙ አያስጨንቅም። የእንስሳት ሕክምና ግን በሁሉም ግቢ የለም። ግቢው ውስጥ የሌለ ዲፓርትመንት ደግሞ 4 ነጥብ ብታመጣም አይገኝም። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ አላቸው። አዲስ አበባም ቢሾፍቱ ላይ አለው። አምስቱም ላይ የሰው ሕክምናም አለ። ስለዚህ እርስዎና እሷ ዛሬ መጣላት አያስፈልጋችሁም፤ ሁለቱም ያለበት ግቢ ትግባና ፍሬሽማን ስትጨርስ ተከራከሩ። ያን ጊዜ ውጤቱ በእጇ ስለሚሆን ክርክሩን ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል።

ኧረ ተው ፤ መስከረም 14፣ ማታ 4:33

ጋሼ ተሸንፈዋል፤ ወንበር ያምጡላቸው።

የመሐል ሜዳው አባት ፤ መስከረም 15፣ ቀን 9:10

ጤና ይስጥልኝ። ልጁ ነኝ፤ በአባባ ስልክ ነው የምጽፈው፣ ፈቅዶልኛል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ የለውም፤ ማይክሮስኮፕ በሥዕል ነው የማውቀው። ኮምፒውተር የነካሁት ለፈተና ምዝገባ ነው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ስናገር ግን አፌ ይታሰራል። ከከተማ ከመጡት ጋር አንድ ክፍል ስቀመጥ ምን ላድርግ? ከየት ልጀምር?

መምህርት ዘጣርማ በር ፤ መስከረም 15፣ ቀን 10:30

የኔ ልጅ፣ ማይክሮስኮፕ ሳያዩ የጉበት ትልን የለዩ ልጆች ብዙ አይደሉም። አይዞሽ።

ፊት ወንበር ተቀመጪ። በሳምንት አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠይቂ፤ ቀድመሽ በወረቀት ጻፊው፣ ሲያስፈልግ አንብቢው። መጀመሪያ የሚስቅ ይኖራል፤ በኅዳር ማስታወሻሽን ሊዋስ ይመጣል። መምህራኑ ቢሮ ቁጭ የሚሉበት ሰዓት አላቸው፤ የሚሄድላቸው ተማሪ ግን ጥቂት ነው። ያልገባሽን ይዘሽ ሂጂ። በስም የሚያውቅሽ መምህር ኋላ ለጥናትም ለሥራም ይጠራሻል።

ብርዱ ለመደኝ ፤ መስከረም 15፣ ቀን 11:15

እኔ የማልነግርሽን ግቢው ይነግርሻል፤ ግን ወርክሺት በሚባለው ነገር ላይ ልናገር። የቆዩ ፈተናዎች ተባዝተው ይሸጣሉ፤ ለመለማመጃ ግሩም ናቸው። እነሱን ብቻ ሸምድዶ የሚገባው ግን መጨረሻው ዓመት ላይ መውጫ ፈተና ሲመጣ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ደብተርሽን አትጣይ፤ እኔ ጥዬ ኋላ ከጀማሪዎች ለምኛለሁ።

ኮምፒውተሩ አያሳስብሽ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ የመጀመሪያውን ወር ጠዋት በጊዜ እየገባሽ መጻፍ ተለማመጂ፣ ከሰዓት ሰልፍ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ግዙልኝ አትበዪ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያገለገለ ይበቃል። የዶርም ቁልፍ ሁለት ይኑርሽ። የወጪ መጋራት ፎርም በየዓመቱ ያስሞሉሻል፤ ዝም ብለሽ አትፈርሚ፣ ኮፒ ያዢ፤ ሥራ ስትይዢ ከደመወዝሽ የሚቆረጠው በእሱ ነው።

ደግሞ በመጀመሪያው ሴሚስተር ስድስት ክበብ ውስጥ አትግቢ። አንድ ይበቃል።

በግ ቆጣሪ ፤ መስከረም 15፣ ማታ 12:40

ክረምት ስትመጪ መሐል ሜዳ ካለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሂጂና ላግዛችሁ በይ። ክፍያ የለውም። መርፌ መያዝ፣ በግ አጋድሞ ዓይኑን ገልጦ የደም ማነስ ማየት፣ ገበሬ ማናገር በግቢ ውስጥ በቶሎ አይገኝም። የቀንድ አውጣዋን ነገር ለሰፈርሽ ሰው አሁኑኑ ንገሪ፤ ዲግሪ አትጠብቂ።

የመሐል ሜዳው አባት ፤ መስከረም 17፣ ማታ 1:50

አሁን እኔ ነኝ፤ አባትየው። ዛሬ ሞልተናል። አንደኛ ሐዋሳ፣ ሁለተኛ ጅማ፣ ሦስተኛ ጎንደር፣ አራተኛ ሐረማያ፣ አምስተኛ ደብረ ብርሃን። ሐዋሳን ያስቀደምነው በመንገዱ ነው፤ ባለቤቴ የእነዋሪዋን እመቤት ምክር ይዛ አልለቅም ብላ። ጎረቤቴ ጎንደር ሦስተኛ መሆኑን ሲሰማ ቡናዬን ሳይጨርስ ወጣ።

ሕክምናውን ገና አልተውኩትም፤ ይታወቅልኝ። ፍሬሽማን ስትጨርስ እንከራከራለን ተባብለናል። በጎቹን ግን ከረግረጉ አንሥቻለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከጥቁር በግ ጠጉር አንድ በርኖስ አስጀምሬላታለሁ። ለሐዋሳ ይሆናል?

እናት ከእነዋሪ ፤ መስከረም 17፣ ማታ 2:15

ሐዋሳ ሞቃት ነው ወንድሜ፤ ነጠላ ይበቃታል።

የመሐል ሜዳው አባት ፤ መስከረም 17፣ ማታ 2:18

ጅማ ቢደርሳትስ?

ኧረ ተው ፤ መስከረም 17፣ ማታ 2:20

ጅማ ከሆነ ጃንጥላ ነው ጋሼ። በርኖሱን ለ267 ይላኩለት፤ ሬሜዲያል ደብረ ብርሃን ደርሶታል አሉ።

267 ፤ መስከረም 17፣ ማታ 2:41

ገና አልደረሰኝም፤ ምደባ አልወጣም። ግን በርኖሱ ስንት ነው?